ለማን ነው የምትጽፊው?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልኝ ከአዲስ አበባ፣ ከሰሚት ነው። ረዘም ያለ ስለነበር ጸሐፊዋን አስፈቅጄ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሴት ናት። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ገጽ ሳልጽፍ አልተኛም ነበር። ለማሳተም ብዬ አይደለም። የዋልኩበትን፣ ያየሁትን፣ ያናደደኝን ነው የምጽፈው። ከወለድኩ ወዲህ ግን ደብተሬን የከፈትኩት አልፎ አልፎ ነው። ብዕር እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ልጄ ስትተኛ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ።

እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ መጥታለች። እስከ ክርስትናው ትቆያለች። እጇ አያርፍም። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የልጄ ገላ፣ የኔም ገላ በእሷ ነው። ደብተር ሳነሳ ግን ፊቷ ይለወጣል። ‹ለማን ነው የምትጽፊው?› አለችኝ አንድ ቀን። ‹ለራሴ› ስላት ‹ለራስ ደግሞ ይጻፋል? ጽሑፍ ሰው ያስበላል› አለች። በጣም ተናደድኩ። እሷ እኮ በልጅነቷ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ ትጽፍ የነበረች ሴት ናት። አያቴ እንኳ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። የዚያን ዕለት ማታ ‹እንደ እናቴ መሆን አልፈልግም› ብዬ ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት ቤት ስትጠርግ ደብተሩን ከአልጋ ሥር አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው አገኘሁት። ታንብበው አታንብበው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ብላለች።

ጽሑፌን እንዴት ልመልሰው? እናቴንስ ምን ልበላት? ባለቤቴ ደግሞ ‹ስልክሽ ላይ ጻፊ› ይለኛል። ደብተር አይሻልም?

የደብተሩ ባለቤት»

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ሕፃኗን በጤና ያሳድግልሽ።

ስለ ደብተሩም ስለ እናትሽም ብዙ የምለው አለኝ። መጀመሪያ ግን በአንድ መስመር ያለፍሽውን ነገር ላንሳ። ልጄ ስትተኛ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ ብለሻል። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስ ብዙ እናት ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አንቺ ግን ወደ ሁለት ወርሽ ነው። ይሄ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ዙሪያ በቅርቡ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ ዋናው ድባቴ ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ስንፍና አይደለም፣ ልጅሽን አለመውደድም አይደለም። ይታከማል።

ሕፃኗ የ10 ሳምንት ክትባቷ ደርሷል። በዚያ ቀን ጤና ጣቢያ ስትሄጂ፣ ነርሷን «ዛሬ ለኔም ነው የመጣሁት» በያት። ከመቼ ጀምሮ እንደምታለቅሺ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ምግብ ይበላልሽ እንደሆነ ንገሪያት። የምትረሺ ከመሰለሽ ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ ሂጂ። ራስሽን ወይም ሕፃኗን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ግን የክትባቱን ቀን አትጠብቂ። ለእናትሽና ለባለቤትሽ ነግረሽ ዛሬውኑ ሂጂ። መጻፍ ያቀልላል፤ አውቃለሁ። ግን ደብተር ላይ «ዛሬም አለቀስኩ» ብሎ መጻፍ ለሰው መንገርን አይተካም።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

«ጽሑፍ ሰው ያስበላል» ያለችሽን እንደ ንቀት ወስደሽዋል። አንቺ የምትወጂውን ነገር ያጣጣለችብሽ መስሎሻል። እኔ ግን ዕድሜሽን አይቼ ስገምት የእናትሽ እኩያ ሳልሆን አልቀርም። አነጋገሯን ሳነብ የሰማሁት ሌላ ነገር ነው።

በ1969 ዓ.ም. እኛ ገና ልጆች ነበርን። የዚያን ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ይፈለግ የነበረው መሣሪያ ብቻ አልነበረም። በራሪ ወረቀት፣ መጽሐፍ፣ የጽሕፈት መኪና፣ በእጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይፈለግ ነበር። ቀይ ሽብር በክፍለ ሀገር ከተሞችም፣ በደሴም በጎንደርም፣ ብዙ ቤት ገብቷል። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ኪሱ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ምክንያት ሲወሰድ የሰማ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በሙሉ በሌላ ዓይን ያያል።

እናቴ የታላቅ ወንድሜን ደብተሮች ከምጣድ ሥር ስትማግድ አይቻለሁ። ገጹ ወዲያው ይነዳል። ጠንካራው ልባስ ግን ይጨሳል እንጂ ቶሎ አይያያዝም። በእንጨት እየገፋች፣ ዓይኗ በጭስ እያለቀሰ፣ እንጀራ ጋገረችበት። እናቴ ፊደል አታውቅም ነበር። የቱ ገጽ እንደሚያስጠይቅና የቱ እንደማያስጠይቅ መለየት አልቻለችም። ስለዚህ ሁሉንም አቃጠለችው። የሒሳብ ደብተሩም፣ የጂኦግራፊ ካርታውም አብሮ ሄደ። ማታ እራት ስንበላ ስለሱ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በነዚያው በሮች ላይ ሌላ ማንኳኳት መጣ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው ያ ትምህርት ነው አያትሽን ፊደል ያስቆጠራት። አሻራዋን ታትም የነበረች እናት ስሟን ጻፈች። ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም ሊቀንሰው አይገባም። ግን እናትሽ ያደገችው በነዚህ በሁለቱ መካከል መሆኑን ተመልከቺ። ወረቀት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ያስገድል ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ማንበብና መጻፍ ዘመቻ ሆነ።

እናትሽ ምን እንዳየች አላውቅም። ደሴ ውስጥ በእነሱ ቤት ምን እንደተቃጠለ፣ የተቃጠለ ነገር መኖሩንም፣ የምታውቀው እሷ ናት። ጠይቂያት። ስትጠይቂያት ግን ብዕር አትያዢ። ቡና ስታፈላ ወይም የሕፃኗን ልብስ ስታጥፍ፣ እንዲሁ በጨዋታ መሐል አንሺው። «እማዬ፣ ልጅ እያለሽ ቤታችሁ ወረቀት ተቃጥሎ ያውቃል?» ብትያት ይበቃል። ካወራች ስሚ። ካላወራች ተዪያት። ከነገረችሽ በኋላ መጻፍ ከፈለግሽ አስፈቅጂያት። አትጻፊው ካለች አትጻፊው። የሷን ታሪክ እሷ ሳትፈቅድ ደብተር ላይ ማስፈር፣ ከምትፈራው ነገር አንዱን በእጅሽ ማድረግ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እናትሽ የሰፈሩን ደብዳቤ ትጽፍ ነበር ብለሻል። በኛ ጊዜ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም በቃል እናውቅ ነበር። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ።» ከላይ የሰው ስም አለ፣ ከታችም የሰው ስም አለ። በመሐል ያለውን ቃል ደግሞ ጎረቤት ቁጭ ብላ ትናገራለች፣ ልጅቷ ትጽፋለች። እናትሽ የስንቱን ናፍቆት፣ የስንቱን የብር ጥያቄ፣ የስንቱን መርዶ ጽፋ ይሆናል። የራሷን የጻፈችበት ወረቀት ግን ላይኖር ይችላል። ጊዜ የሰጣት ሰው አልነበረም፤ ይገባሻል ያላትም አልነበረም። ስለዚህ «ለማን ነው የምትጽፊው?» ስትልሽ ልታሳፍርሽ ላይሆን ይችላል። ከምሯ ነው የጠየቀችው። ላዩ ላይ ስም የሌለው ጽሑፍ አታውቅም።

«ለራሴ» ብለሽ በአጭሩ ዘግተሽባታል። ጥያቄዋ ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል። እኔ ብሆን አንድ ገጽ አነብላታለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ አንድ ገጽ። ጸብ የሌለበትን፣ ሰው የማይታማበትን መርጠሽ አንብቢላት። ለምሳሌ እሷ ከደሴ የመጣችበትን ቀን ጽፈሽ ከሆነ እሱን። ጽሑፍ የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ውስጡ ምን እንዳለ ስለማያውቅ ነው። አንድ ገጽ ከሰማች ምን ዓይነት ነገር እንደምትጽፊ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ባይጥማት እንኳ፣ የማይጥማትን አውቃ ነው።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። እናትሽን ተረጃት ማለቴ፣ እሷን ደስ እንዲላት ጽሑፍሽን ተዪ ማለቴ አይደለም። እናት የሆነች ሴት የራሷ የሆነ ነገር ሊኖራት አይገባም የሚል ሐሳብ ካለ ትክክል አይደለም። እናትሽም ብትለው፣ እኔም ብለው ትክክል አይደለም። ለዓመታት ይዘሽው የመጣሽው ልማድ ነው። እናት ስለሆንሽ አይሰረዝም።

ወደ ደብተሩ እንምጣ። «እንደ እናቴ መሆን አልፈልግም» የምትለዋ መስመር እንቅልፍ እየነሳችሽ እንደሆነ ከደብዳቤሽ ይታያል። «አንብበሽዋል?» ብለሽ እንዳትጠይቂያት። ያነበበች እናት አነበብኩ አትልም፤ ያላነበበችውን ደግሞ ታስበረግጊያታለሽ። ለምን አነሳሽውም አትበያት። አልጋ ሥር የተቀመጠ ነገር ቤት በሚጠርግ ሰው እጅ መግባቱ አይቀርም። ይልቅ አንድ ነገር አስተውዪ። ጽሑፍ ሰው ያስበላል የምትል ሴት ደብተርሽን ከወለሉ ላይ አንስታ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጠችው። ልትደብቀው ትችል ነበር። አልደበቀችውም።

ስለዚህ ማንበብ አለማንበቧን ትተሽ ወደ ቁም ነገሩ ግቢ። ያቺን መስመር ስትጽፊ ምን ማለትሽ ነበር? አንቺ የተናደድሽው በእሷ ማንነት ነው ብዬ አላምንም። ደብዳቤሽ ውስጥ እጇ አያርፍም ብለሽ የጻፍሽው በፍቅር ነው። የፈራሽው ሌላ ይመስለኛል። እንደ እሷ ዕድሜ ልክ ለሰው ስትሠሪ ኖረሽ፣ «አንቺስ?» የሚልሽ ሳይኖር እንዳታልፊ ነው የፈራሽው። ከሆነ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ «እማዬ፣ አንቺ ለራስሽ ጊዜ ሳይኖርሽ አሳደግሽን። እኔ ደግሞ እንደዚያ እንዳልሆን ፈራሁ። የፈራሁት አንቺን መምሰል አይደለም፤ የደረሰብሽ እንዳይደርስብኝ ነው።» በራስሽ አነጋገር አድርጊው። ብታለቅስ አትደንግጪ። መልስ ባትሰጥሽም አትጎትጉቻት። በኛ ዘመን ያለን ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ተነግሮን ስለማያውቅ፣ መልሱ ቀናት ሊወስድብን ይችላል። አንዳንዴ መልሱ የሚመጣው ገንፎው ላይ ቅቤ ተጨምሮ ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

ማታ የሚለውን ነገር ለጊዜው እርሺው። የሁለት ወር ሕፃን ያላት ሴት ማታ የላትም። አንድ ገጽ የሚለውንም እርሺው። የምትጠብቂው ቀኑን ነው። በየቀኑ መጻፍ ልማዱን ያቆየዋል፤ ርዝመቱ ሌላ ጊዜ ይመለሳል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፍሽ ጽፈሻል።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን ሁለት ወንዶች ልጆች ለብቻዋ እያሳደገች፣ በአሳታሚ ድርጅት አርታኢ ሆና እየሠራች ነው የጻፈችው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መጻፍን የለመደችው ልጆቿ ነቅተው «እማዬ» ከማለታቸው በፊት ያለውን ሰዓት ለመጠቀም እንደነበር ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ብዙ ሰው ይሄን እያነሳ «አንቺም ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺ» ሊልሽ ይችላል። እኔ አልልሽም። የሷ ልጆች የሚነቁት ንጋት ላይ እንደነበር ነው የተናገረችው። ያንቺ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡት ትፈልጋለች። አንቺ ላይ የጎደለው እንቅልፍ ነው፤ ከእንቅልፍሽ ቆርሰሽ አትጻፊ። ከእሷ የሚወሰደው ሰዓቱ ሳይሆን ሌላ ነው። ቤቷ ውስጥ ማንም የማይፈልገውን ክፍተት ፈልጋ አገኘች። አንቺም ያንቺን ፈልጊ።

የሚታየኝ አንድ ክፍተት አለ። እናትሽ ሕፃኗን ጠዋት ፀሐይ ታሞቃታለች አይደል? ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ወርዳ። ገልጣ፣ ቅባት ቀብታ፣ እጅና እግሯን አሽታ፣ ገልብጣ ጀርባዋን አሙቃ፣ አልብሳ እስክትመልሳት ድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም? ያ ጊዜ ያንቺ ይሁን። እናትሽን ፈቃድ ወይም ምርቃት አትጠይቂያት፤ ሰዓት ጠይቂያት። «እማዬ፣ አንቺ ፀሐይ ስታሞቂያት እኔ ትንሽ ልጽፍ» በያት። ጽሑፍሽን እንድትወደው ማድረግ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት መስጠት ግን ዛሬ ትችላለች። እሷ የልጅ ልጇን ይዛ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የምትጠላ አይመስለኝም።

በዚያ ሰዓት ዕቃ አትጠቢ። የሽንት ጨርቅ አትዘፍዝፊ። ቲክቶክ አትክፈቺ። መተኛት ካማረሽ ተኚ፤ እንቅልፍ ከመጣ እሱ ይቀድማል። ካልመጣ ቁጭ ብለሽ ጻፊ።

ምን ልጻፍ ካልሽ፣ ያየሽውን ጻፊ። ስሜትሽን ብቻ ከጻፍሽ በዚህ ወቅት ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ደክሞኛል፣ ደክሞኛል፣ ዛሬም ደክሞኛል። ከዓመት በኋላ ስታነቢው ማክሰኞውን ከዓርቡ አትለዪውም። ይልቅ እንዲህ ሞክሪው፦ «ማክሰኞ። 2 ሰዓት ከ20። እማዬ ቅባቱን መጀመሪያ በመዳፏ አሟሟቀችው። ልጄ ግራ እግሯን ስትነካ ትሰበስባለች፣ ቀኙን ዝም ትላለች። የጎረቤት ሬዲዮ ዜና ያነባል።» ይኸው ነው። ድካምሽም ንዴትሽም በዚህ ውስጥ መንገድ ፈልጎ ይገባል።

«ለልጄ እጽፋለሁ፣ ስታድግ ታነበዋለች» የሚል ሐሳብ ይመጣብሽ ይሆናል። ብዙ እናቶች ያደርጉታል፤ ደስ ይላል። እኔ ግን አሁን ባትጀምሪው እመርጣለሁ። ለልጁ የሚጽፍ ሰው ያሳምራል። ዛሬ ያለቀስሽበትን፣ ዛሬ የሰለቸሽበትን ለልጅሽ አትጽፊም። አንቺ ደግሞ በዚህ ሰዓት እውነቱን የምታወጪበት ቦታ ያስፈልግሻል። ለሷ ሌላ ጊዜ ሌላ ደብተር ትገዢያለሽ።

ያመለጠሽን ቀን አታካክሺ። ትናንት አልጻፍኩም ብለሽ ዛሬ ስድስት ዓረፍተ ነገር አይጠበቅብሽም። ቀኑን ባዶ ተዪውና የዛሬውን ጻፊ። ብዙ ሰው ልማዱን የሚያቋርጠው አንድ ቀን ስለዘለለ አይደለም፤ የዘለለውን ሊከፍል ሲል ዕዳው ስለሚበዛበት ነው።

ባለቤትሽን በአንድ መስመር ብቻ ነው ያነሳሽው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዝ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። 3 ቀን የተሰጠው ሰው ነገሩ የሴቶቹ ጉዳይ ነው ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ግን ማታ ቤት ይገባል፤ ቅዳሜና እሑድም አለ። እናትሽ እዚያ እያለች ሕፃኗን ማቀፍ፣ ማስገሳት፣ ጨርቅ መቀየር ይልመድ። እሷ ከሄደች በኋላ ልማር ቢል ሦስታችሁም ትቸገራላችሁ።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ቁጠሪያቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። እናትሽ ክርስትናው እንዳለፈ ደሴ ትመለሳለች። ያንቺ ፈቃድ የሚያልቀው ደግሞ በ90 ቀን ነው። በመሐል ያሉት ቀናት ከባዶቹ ናቸው። ከድግሱ ማግስት ቤቱ ጭር ይላል፣ እናትሽ የለችም፣ ሥራ ሊጀመር ነው። የ14 ሳምንት ክትባትም የሚመጣው ሥራ ከጀመርሽ በኋላ ነው፤ ከአለቃሽ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሞግዚት የምትቀጥሪ ከሆነ እናትሽ ሳትሄድ አስመጫት። እናትሽ አስተጣጠቡን፣ አስተቃቀፉን፣ ፀሐይ አሞቃቁን ታሳያታለች። አንቺም አብረው ስታዪያቸው ልብሽ ያርፋል። በነዚያ ቀናት ከጽሑፍ የምጠብቅብሽ ቀኑንና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሥራ ስትጀምሪ ከምሳ ሰዓትሽ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ወይም ሰርቪስ ውስጥ ቁጭ ብለሽ። ከዚያ በላይ ዕቅድ አታውጪ።

ስለ ደብተርና ስልክ የጠየቅሽኝ ቀላል ነው። ሁለቱንም ያዢ። ሌሊት እያጠባሽ በአንድ እጅሽ ብዕር መያዝ አይቻልም። ያኔ ስልኩ ያግዝሻል። ቴሌግራም ላይ ለራስሽ የምታስቀምጪበት ሴቭድ ሜሴጅስ አለ፤ በሹክሹክታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቅጂበት። የጉግል ኪቦርድም አማርኛ በድምፅ ይጽፋል፤ ይሳሳታል፣ ግን ሐሳቡን ይይዝልሻል። ስልክሽን ሰው ሁሉ የሚያነሳው ከሆነ የይለፍ ቁጥር አድርጊበት። ለጠዋቱ ግን ደብተር ይሻላል። ስልክ ላይ ልትጽፊ ስትከፍቺ ስንት መልእክት እንደሚጠብቅሽ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ደብተሩን አልጋ ሥር አታስቀምጪው። መሳቢያ ውስጥ አድርጊውና ለእናትሽም ለባለቤትሽም «ይሄ የኔ ነው፣ አትክፈቱት» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። የተደበቀ ነገር ያጠራጥራል፤ የታወቀ ነገር ይከበራል።

ከክርስትናው በኋላ ጻፊልኝ። ከሁሉ በፊት ጤና ጣቢያ ምን እንዳሉሽ ንገሪኝ።